ሚዛኑ ሲጨምር አንደንግጥ፣ ሲቀንስም አንፈንድቅ

ረመዳን ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት በየሰፈራችን የምናየው ነገር አለ። አንዱ ጂም ይመዘገባል፤ ሌላዋ ሳሎኗ ውስጥ ምንጣፍ ዘርግታ ከስልኳ እያየች ቁጭ ብድግ ትላለች። ኒያው ደግ ነው፤ የተከበረውን ወር ቀለል ባለ ሰውነት መቀበል። አንድ ሳምንት ሙሉ ከተለፋ፣ ጭንና ክንድ መንካት እስኪያቅት ከታመመ በኋላ፣ መንገድ ዳር ሚዛን ይዞ ከሚመዝነው ልጅ ፊት ይቆማል። ሚዛኑ ግን አንድ ኪሎ ተኩል ጨምሯል። “ልቀንስ ብዬ ጀምሬ ጭራሽ ወፈርኩ!” ይባልና ስፖርቱ እዚያው ላይ ያበቃል።

ከዚያ ረመዳን ይገባል። ቀኑ በጾም፣ ምሽቱ በተራዊሕ ያልፋል። ከ10 ቀን በኋላ ያው ሚዛን ላይ ሲወጣ ሁለት ኪሎ ወርዶ ይገኛል። “አልሐምዱሊላህ፣ ጾሙ አቀለለኝ” እንላለን። ዒድ አልፎ የሸዋል ወር ሲጋመስ ግን ሁለቱ ኪሎ ወደ ቦታው ተመልሷል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ሚዛኑ ሁለት ጊዜ አሳስቶናል። መጀመሪያ ሰውነታችን መበርታት ሲጀምር “ወፈራችሁ” አለን፤ ቀጥሎ ደግሞ ውሃና ምናልባትም ጡንቻ ሲቀንስብን “ቀነሳችሁ” ብሎ አስደሰተን። በዛሬው ጽሑፋችን ይህ ለምን እንደሚሆን፣ በረመዳንም እንዴት እንደምንይዘው እናያለን።

ከሱጁድ መነሳት

ነገሩ የልብስ ልክ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላወራንበት። የተያዘው ግን ከዚያ የሚበልጥ ነገር ነው። በቀን ውስጥ ያሉት አምስቱ የግዴታ ሶላቶች 17 ረከዓ ናቸው። ተራዊሕን 20 ረከዓ የሚሰግድ ሰው ደግሞ በአንድ ምሽት ብቻ ወደ 20 ጊዜ ያህል ከመሬት ተነስቶ ይቆማል። ይህን የሚያሠራን የጭን፣ የመቀመጫና የወገብ ጡንቻችን ነው።

የሰው ጡንቻ ከ30 ዓመት በኋላ በየ10 ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ ያህል እየቀነሰ እንደሚሄድ በሕክምናው ዓለም ይታወቃል። ከ60 ዓመት በኋላ ደግሞ ይፈጥናል። ለዚህ ነው ትናንት ከፊት ሰፍ ቆመው ይሰግዱ የነበሩ አባት ዛሬ ጉልበታቸውን ይዘው ወንበር የሚፈልጉት፤ እናትም ከሱጁድ ለመነሳት የልጃቸውን ትከሻ የሚይዙት። በሕመም ወይም በዕድሜ ምክንያት ተቀምጦ መስገድ ዲናችን የፈቀደው ነው፤ ማንም ሊያፍርበት አይገባም። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ጉልበቱን የሚያደክመው በዙሪያው ያለው ጡንቻ መሳሳት ነው። ጡንቻ ደግሞ በ60ም በ70ም ዓመት ቢያሠሩት ይበረታል።

ሁለተኛው ጉዳይ ስኳር ነው። በኢፍጣር ማዕድ ከቴምሩ፣ ከጁሱና ከሙሸበኩ ወደ ደማችን የሚገባውን ስኳር በብዛት የሚወስደው ጡንቻ ነው። የሚሠራ ጡንቻ ስኳሩን ያነሳል፤ የማይሠራና የሳሳ ጡንቻ ግን በደም ውስጥ እንዲቆይ ይተወዋል። ስኳር በዘር ባለበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እንግዲህ አንድ ኪሎ ተኩል ስለጨመረ ብቻ ስፖርቱን የተወ ሰው ምን እንደተወ ልብ እንበል።

የመጀመሪያው ሳምንት ኪሎ ከየት መጣ?

በቅድሚያ ስብ ነው ወይ ብለን እንጠይቅ። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ በግምት 7,700 ካሎሪ ይይዛል። አንድ ኪሎ ተኩል ስብ ለመጨመር እንግዲህ ከሚያስፈልገን በላይ 11,500 ካሎሪ ያህል መብላት ይኖርብናል። ይህ በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበቃው ሰው የስድስት ቀን ያህል ምግብ ነው፤ ያውም ከዕለት ምግቡ በላይ። በሰባት ቀን ውስጥ ይህን ያደረገ ሰው እንደበላ ራሱ ያውቀዋል።

ታዲያ ጡንቻ ነው? እሱም አይደለም። ጡንቻ እንዲህ በፍጥነት አይገነባም። ጀማሪ ሰው በደንብ ሠርቶና በልቶም ቢሆን በወር ውስጥ የሚጨምረው ጡንቻ ከአንድ ኪሎ ብዙም አያልፍም፤ በሴቶች ደግሞ ከዚያ ያነሰ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከበፊቱ የበለጠ ክብደት ማንሳት የምንችለው በአብዛኛው ነርቮቻችን ያለንን ጡንቻ በደንብ ማዘዝ ስለሚማሩ ነው።

የጨመረው በአብዛኛው ውሃ ነው። ውሃውም በሦስት መንገድ ይመጣል።

አንደኛው፣ የጡንቻ ስንቅ ነው። ጡንቻ ለሥራ የሚሆነውን ስኳር ግላይኮጅን በሚባል መልክ ያጠራቅማል። ሥራ ሲበዛበት ስንቁን ይጨምራል። እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን ደግሞ ወደ 3 ግራም የሚጠጋ ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ስለዚህ 100 ግራም ስንቅ ሲጨመር በሚዛኑ ላይ ወደ 400 ግራም ሆኖ ይታያል።

ሁለተኛው፣ የጥገና ውሃ ነው። ያልለመደ ጡንቻ ሲሠራ ጥቃቅን ጉዳት ይደርስበታል። ሰውነትም ለጥገናው ፈሳሽ ወደዚያ ይልካል። ስፖርት በሠራን በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ደረጃ መውረድ የሚያቅተን ለዚህ ነው። ሕመሙ ከጥቂት ቀናት በኋላ ይለቃል፤ ሰውነት ሥራውን ሲለምድ ደግሞ እየቀለለ ይሄዳል።

ሦስተኛው፣ ጨውና የሆድ ዕቃ ነው። ስፖርት ሲጀመር የምግብ ፍላጎትም ጥማትም ይጨምራል። ጨው የበዛበት ምግብ ውሃን በሰውነት ውስጥ ይይዛል። የጠጣነው አንድ ሊትር ውሃ ራሱ እስኪወጣ ድረስ በሚዛን ላይ አንድ ኪሎ ነው።

ጂም የሚያዘወትሩ ወጣቶቻችን ክሬቲን የሚባለውን ዱቄት ጀምረው ከሆነ አራተኛ ምክንያት ተጨመረ ማለት ነው። ክሬቲን ውሃን ወደ ጡንቻ ስለሚስብ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ አንድ ኪሎና ከዚያ በላይ ሊያስጨምር ይችላል። ይህም ስብ አይደለም።

“ጡንቻ ከስብ ይከብዳል” የሚባለውን እናስተካክል። አንድ ኪሎ ጡንቻና አንድ ኪሎ ስብ እኩል ይመዝናሉ፤ ልዩነቱ ጡንቻ ጠበቅ ያለ ስለሆነ የሚይዘው ቦታ አነስ ማለቱ ነው። ኪሎው ሳይነቃነቅ ቀበቶ አንድ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ሊገባ የሚችለው ለዚህ ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን፣ ኪሎ ሁሉ ውሃ ነው ብለንም ራሳችንን አናታል። “ዛሬ ስፖርት ሠርቻለሁ” እያልን ከወትሮው አብልጠን የምንበላ ከሆነ ስብም ይጨምራል። መለያው ጊዜና ወገብ ነው። ከስድስትና ከስምንት ሳምንት በኋላ ኪሎውም ወገቡም አብረው እየጨመሩ ከሄዱ ማዕዳችንን እንመርምር። ኪሎው ቆሞ ወገቡ ከጠበበ ግን ሥራው እየሠራ ነው።

በረመዳን ሚዛኑ ሲወርድ

አሁን ደግሞ ወደ ሁለተኛው ስህተት እንምጣ። በሀገራችን ጾሙ በቀን ከ13 ሰዓት በላይ ይወስዳል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ውሃ አንጠጣም፤ በጉበት ያለው ስንቅም ይቀንሳል። አሥር ሰዓት ላይ ሚዛን ላይ የወጣ ጿሚ ጠዋት ከነበረበት ቢያንስ ምንም አያስገርምም። ማታ ሲያፈጥር አብዛኛው ይመለሳል።

ከወሩ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያለውን ለውጥ ያዩ በርካታ ጥናቶች ሲጠቃለሉም የሚያሳዩት ተመሳሳይ ነገር ነው። በአማካይ የሚቀንሰው አንድ ኪሎ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ነው፤ እሱም ከረመዳን በኋላ ባሉት ሳምንታት በአብዛኛው ይመለሳል። ጾም ዒባዳ ነው፤ ኪሎ መቀነሻ ብለን ስንይዘው ሁለቱንም እናጣለን።

ዋናው ጥያቄ “ስንት ቀነስኩ?” ሳይሆን “ከምን ቀነስኩ?” የሚለው ነው። ሰውነት ምግብ ሲያንሰው ከስቡም ከጡንቻውም ይወስዳል። ጡንቻው ሥራ ካለውና በቂ ፕሮቲን ከደረሰው አብዛኛው ከስብ ይሄዳል። ቀኑን ሙሉ ተኝቶ፣ ማታ በሳምቡሳና በጁስ ብቻ የሚያድር ሰው ግን ጡንቻውንም አብሮ ይሰጣል። ከዒድ በኋላ ኪሎው ሲመለስ ደግሞ ስፖርት ከሌለ የሚመለሰው በአብዛኛው ስብ ነው። በየዓመቱ ይህ ከተደጋገመ ኪሎው ሳይለወጥ ጉልበቱ ይቀንሳል።

መቼና እንዴት እንሥራ?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች ከእግር ጉዞና ከመሰል እንቅስቃሴ በተጨማሪ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ እንዲሠሩ ይመክራል። ለረመዳንም ሁለት ቀን ይበቃናል። በዚህ ወር ግባችን ያለንን መጠበቅ ነው፤ ሰውነትን መፈተኛ ወር አይደለም።

ለጀማሪ የሚሻለው ሰዓት ካፈጠረና ውሃ ከጠጣ በኋላ ነው። ከኢፍጣር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቆይቶ ወይም ከተራዊሕ መልስ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ መሥራት ይቻላል። ቀድሞ የለመደ ሰው ከማግሪብ በፊት ቀለል አድርጎ ሊሠራ ይችላል፤ ወዲያው ያፈጥራልና። በእኩለ ቀን ፀሐይ፣ በጥም ላይ ጥም መጨመር ግን ለማንም አንመክርም።

ጂም መሄድም ግድ አይደለም። እህቶቻችን በተለይ ሒጃባቸውንና ጊዜያቸውን ሳያስጨንቁ እቤታቸው ሊሠሩት የሚችሉ አምስት እንቅስቃሴዎች አሉ፦

• ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ። እጅን ደረት ላይ አጣጥፎ፣ ቀስ ብሎ መቀመጥና መነሳት። ከሱጁድ ለመነሳት የሚያግዘን ዋናው ይህ ነው።

• ግድግዳ መግፋት። መሬት ላይ ፑሽ አፕ ለማይችል ሰው፣ ከግድግዳው አንድ እርምጃ ርቆ፣ በሁለት መዳፍ ተደግፎ ደረትን ማስጠጋትና መመለስ።

• ጀሪካን መሳብ። ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ውሃ ሲሞላ 5 ኪሎ ያህል ነው። በአንድ እጅ ጠረጴዛ ተደግፎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በሌላው እጅ ጀሪካኑን ወደ ጎን አጥንት መሳብ።

• ጀሪካን ይዞ መሄድ። በሁለት እጅ ይዞ፣ ጀርባን አቅንቶ፣ ኮሪደር ውስጥ መመላለስ።

• በእግር ጣት መቆም። ግድግዳ ይዞ ተረከዝን ማንሳትና ማውረድ።

እያንዳንዱን ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ ትንፋሽ እየተወሰደ ሁለት ዙር መሥራት ይበቃል። ጀሪካን ይዞ መሄዱን ግን በግማሽ ደቂቃ እንለካው። 12ኛው ሲቀልል ውሃውን መጨመር ወይም ዙሩን ሦስት ማድረግ ነው። ትንፋሽ አፍኖ ማንሳት የደም ግፊትን ስለሚያሻቅብ ስናነሳ አየር እናስወጣ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ሳንጠቅስ አናልፍም። በብዙ ቤት እናት ከአሱር ጀምሮ ምድጃ ሥር ቆማ ሾርባና ሳምቡሳ ስታዘጋጅ ቆይታ፣ ካፈጠረች በኋላ ደግሞ ዕቃ ማጠብ ይጠብቃታል። “ስፖርት ሥሪ” ከማለታችን በፊት በሳምንት ሁለት ምሽት ዕቃውን አባትና ልጆች ይረከቡ። ያቺ ግማሽ ሰዓት የምትገኘው ከዚያ ነው።

ማዕዱ ላይ

ስፖርት ለሚሠራ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 1.2 ግራም ያህል ፕሮቲን ጥሩ መነሻ ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ወደ 72 ግራም ይሆናል። ይህ ብዙ ቢመስልም ከጓዳችን የሚወጣ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል አለው። አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር 18 ግራም፣ 100 ግራም የበሰለ ቀይ ሥጋ ወይም ዶሮ ወደ 25 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ እርጎ ወደ 8 ግራም ይሰጣል። ፉል፣ ሽሮና ዓይብም አሉ።

ዋናው ነገር ለኢፍጣርና ለሱሁር ማካፈሉ ነው። ብዙዎቻችን ሱሁርን በሻይና በዳቦ እናልፈዋለን፤ ሁለት እንቁላል ወይም አንድ ሰሐን ፉል ቢጨመርበት ቀኑን ሙሉ ይይዛል። ሳምቡሳውን እንተው አንልም። ግን ሁለት በልተን ሾርባውን ብናስከትል፣ ጁሱን በውሃ ብንተካ፣ ጨውንም ቀነስ ብናደርግ ጥሙም ይቀላል፣ ሚዛኑም አይዋዥቅም። ውሃውን ከማግሪብ እስከ ፈጅር ከፋፍለን እንጠጣ፤ በሱሁር መጨረሻ ላይ በአንድ ጊዜ የተጠጣ ሁለት ሊትር በአብዛኛው ቶሎ በሽንት ይወጣል።

ሚዛኑን ምን ይተካው?

ሚዛኑን እንጣለው አላልንም፤ ብቻውን እንዳይፈርድ ምስክር እንጨምርለት ነው የምንለው። አንድ ደብተር እናዘጋጅና አራት ነገር እንጻፍ።

ኪሎን በሳምንት አንድ ቀን፣ ለሱሁር እንደተነሳን፣ ከመጸዳጃ በኋላና ከመብላታችን በፊት እንመዘን። ሁልጊዜም በአንዱ ሚዛን ይሁን። የመንገድ ዳሩና የጎረቤቱ ሚዛን ላይስማሙ ይችላሉ።

ወገብን በልብስ ሰፊ ሜትር፣ በእምብርት ትክክል፣ ሆድን ሳንስብ በየሁለት ሳምንቱ እንለካ።

ጉልበትን በወንበር እንፈትን። እጅን ደረት ላይ አጣጥፈን በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ተቀምጠን እንደምንነሳ እንቁጠር። ከ60 እስከ 64 ዓመት ላሉ ሴቶች ከ12 በታች፣ በዚያው ዕድሜ ላሉ ወንዶች ከ14 በታች ከሆነ ከአማካይ በታች ነው፤ የመውደቅ ሥጋትም አለ። ለወላጆቻችን ይህን ስንፈትን ወንበሩን ግድግዳ አስደግፈን አጠገባቸው እንቁም።

አራተኛው ልብስ ነው። ለዒድ የተሰፋው ቀሚስ ወይም ጀለቢያ ከሚዛን የበለጠ እውነት ይናገራል።

እህቶች የወር አበባ ሊመጣ ሲል ሰውነት ውሃ እንደሚይዝ አይርሱ። ኪሎን ካለፈው ሳምንት ጋር ሳይሆን ካለፈው ወር ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ማነጻጸር ይሻላል።

ሐኪም የሚያስፈልግበት ጊዜ

የኪሎ ጭማሪ ሁሉ የስፖርት አይደለም። በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ኪሎ በፍጥነት ከጨመረ፣ ከዚያም ጋር እግር ካበጠ፣ ተኝቶ መተንፈስ ካስቸገረ፣ ነገሩ የልብ ወይም የኩላሊት ሊሆን ስለሚችል ፈጥኖ ወደ ሕክምና መሄድ ነው። ስፖርት ላይ ደረት ከጨነቀ ወይም ራስ ካዞረ ወዲያው ማቆም ያስፈልጋል። ከከባድ ሥራ በኋላ ሽንት እንደ ጥቁር ሻይ ከሆነም ሳይዘገዩ መታከም ነው።

ኢንሱሊን ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ፣ የግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ጾሙንም ስፖርቱንም ከሐኪማቸው ጋር ይምከሩበት። የስኳር ታማሚ ስኳሩ ከ70 በታች ከወረደ ጾሙን መፍታት አለበት፤ ዲናችን ለታመመ ሰው መንገዱን አስፍቷል። የኩላሊት ሕመም ያለበትም ፕሮቲን ከመጨመሩ በፊት ይጠይቅ።

እንግዲህ በሻዕባን ጀምረን ሚዛን አይተን የተውን ካለን፣ ጀሪካኑ ያው ከጓዳ ነው፤ ወንበሩም ከሳሎን። ዛሬ ከተራዊሕ መልስ አሥር ቁጭ ብድግ ብለን ልንጀምር እንችላለን። ሰውነታችን ከአላህ የተሰጠን አማና ነው። የምንጠየቀውም በስንት ኪሎ እንደያዝነው ሳይሆን ምን እንደሠራንበት ነው። የዒድ ለት እናታችን ከሰገዱበት ምንጣፍ የማንንም ትከሻ ሳይዙ ብድግ ካሉ፣ ያን ደብተር ላይ በትልቁ እንጻፈው።

አላህ ጾማችንንና ሶላታችንን ይቀበለን። ረመዳን ከሪም!